ታጅ ማሃል፦ በወሊድ የሞተች እናት መቃብር

የጉዞ ዕቁባችን ሞልቶ ሕንድ አገር ሄደን ታጅ ማሃልን ለማየት ካሰብን ወዲህ ከአባላት የሚመጡልን ጥያቄዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። ብዙዎቹ ስለ ክትባት፣ ስለ ባቡር፣ ስለ ምግብና ስለ ልብስ ናቸው፤ ለእነዚህ መልስ መስጠት ቀላል ነው። ሁለተኛው ግን ከበድ ይላል፦ «ይህን ያህል ጊዜ ከጉሮሯችን ቀንሰን ያጠራቀምነውን ገንዘብ አንድ የባዕድ ንጉሥ ሚስቱን የቀበረበትን ቦታ ለማየት የምናወጣው ለምንድን ነው?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ማኅበራችን የተቋቋመው ያዘነችውን ለማጽናናት፣ የታመመችውን ለማስታመም፣ የወለደችውን ለመጠየቅ ነው። ስለዚህ ጉዞው ከዚህ ዓላማ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ለአባላት ማስረዳት ይገባናል።

መልሳችን አጭር ነው። ታጅ ማሃል በፖስታ ካርድ ላይ የፍቅር ሐውልት ተብሎ ይታወቃል፤ ውሸትም አይደለም። ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ አሥራ አራተኛ ልጇን ስትወልድ የሞተች እናት መቃብር ነው። ደግሞም ንጉሡ ያሠራው ይህ ሕንፃ ከእሱ በፊት ሴቶች ያሠሯቸውን ሁለት ሕንፃዎች ተከትሎ የመጣ ነው። ይህን ታሪክ ይዘን ከሄድን የምናየው ነጭ እብነ በረድ ብቻ አይሆንም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንገልጻለን።

ቡርሃንፑር፣ 1631

ሙምታዝ ማሃል የማዕረግ ስሟ ነው፤ «የቤተ መንግሥቱ ምርጥ» እንደማለት ነው። ወላጆቿ ያወጡላት ስም አርጁማንድ ባኑ ሲሆን የተወለደችው በ1593 ነው። በ1607 ለልዑል ኩራም ታጨች፤ ልዑሉ በኋላ ሻህ ጃሃን ተብሎ የነገሠው ነው። ሠርጉ የተደረገው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1612 ነው። ከዚያ ቀን አንሥቶ እስከሞተችበት ጊዜ ድረስ ባሉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ውስጥ አሥራ አራት ልጆች ወለደች። ከእነዚህ ውስጥ ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን የደረሱት ሰባቱ ብቻ ናቸው።

እነዚህ ወሊዶች ሁሉ ደግሞ በተደላደለ እልፍኝ የተፈጸሙ አልነበሩም። ባሏ ሲዘምት ትከተለው ነበርና አውራንግዜብ በ1618 መንገድ ላይ ዳሆድ በምትባል ከተማ ተወለደ። ከ1622 ጀምሮ ኩራም በአባቱ በጃሃንጊር ላይ ሸፍቶ ከአገር አገር ሲንከራተት እሷም አብራው ተንከራታለች፤ ሙራድ የተባለውን ልጇን በ1624 የወለደችው በሮህታስ ምሽግ ውስጥ ነው። ዕርቅ ሲወርድም ዳራና አውራንግዜብ የሚባሉት ሁለት ልጆቿ መያዣ ሆነው ወደ አያታቸው ቤተ መንግሥት ተላኩ። የእናት አንጀት ይህን እንዴት እንደቻለው የምታውቅ ትወቀው።

እዚህ ላይ የአገራችን ልጅ ታሪክ ይገባል። ኩራም በሽፍትነቱ ዘመን ከተጠጋቸው ሰዎች አንዱ ማሊክ አምባር ነበር። ማሊክ አምባር በ1548 ገደማ በኢትዮጵያ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ሕንድ የደረሰ ሰው ነው። እዚያም ከወታደርነት ተነሥቶ በደካን የአህመድናጋር መንግሥት እንደራሴ ሆነ፤ የሙጋልን ጦር ከሃያ ዓመት በላይ እየታገለ አላስገባም አለ። ጃሃንጊር በጦር ሜዳ ድል ሊያደርገው ስላልቻለ በሥዕል ላይ የአምባርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ አስሥሏል። ማሊክ አምባር የሞተው በ1626 ነው። ሙምታዝ የሞተችባት የቡርሃንፑር ከተማ ደግሞ የሙጋል ነገሥታት በደካን ላይ ሲዘምቱ የሚሰፍሩባት ዋና ከተማ ነበረች።

ሻህ ጃሃን በ1628 ነገሠ። ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ወደ ደካን ሲዘምት ሙምታዝ አብራው ወረደች። በሰኔ 1631 ቡርሃንፑር ላይ ምጥ ያዛት። ምጡ ከአንድ ቀን በላይ እንደፈጀ የዘመኑ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ሴት ልጅ ወለደች፤ እናቲቱ ግን በ17 ሰኔ ዐረፈች። ዕድሜዋ 38 ነበር። የሚበዙት ሐኪሞችና የታሪክ ጸሐፊዎች የሞቷን ምክንያት ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ደም መፍሰስ ነው ብለው ይገምታሉ። አዋላጅ፣ ሐኪም፣ ወርቅ፣ ሠራዊት ሁሉ በደጇ ነበረ፤ ያን ደም ማቆም ግን አልተቻለም። ሕፃኗ ጋውሃር አራ ተባለች፤ አድጋ እስከ 1706 ኖራለች።

አንድ ነገር ደግሞ መርሳት የለብንም። ያ ዘመን በደካንና በጉጅራት የታላቅ ረሃብ ዘመን ነበር፤ ከ1630 እስከ 1632 ዝናብ ጠፍቶ ሕዝብ አለቀ። ፒተር መንዲ የተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ በዚያው ጊዜ ከሱራት ወደ አግራ ሲጓዝ በየመንገዱ የወደቀውን ሬሳ አይቶ ጽፏል። ንጉሡም በቡርሃንፑርና በሌሎች ከተሞች ለረሃብተኞች ምግብ የሚታደልባቸው ቤቶች እንዲከፈቱ አዝዞ ነበር። በዚያ ዓመት በዚያ አገር ስንት እናት ከነልጇ በየጥሻው ቀርታለች። ከእነዚያ ሁሉ እናቶች መካከል ዓለም የሚያውቀው የአንዷን መቃብር ብቻ ነው። ታጅ ማሃልን ስናይ ይህችን አንዷን ብቻ ሳይሆን ሌሎቹንም ማሰብ የእኛ የሴቶች ድርሻ ይመስለናል።

ከታጅ በፊት የነበሩ ሁለት ሕንፃዎች

የጉዞ አስጎብኚዎች ታጅ ማሃል በአንድ ሰው ሐዘን በድንገት የተፈጠረ ተአምር አድርገው ያወሩታል። ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ ወላጅ የሌለው ልጅ እንደሌለ ሁሉ ወላጅ የሌለው ሕንፃም የለም።

የመጀመሪያው ወላጅ ዴልሂ ውስጥ ነው። የሻህ ጃሃን ቅድመ አያት የሆነው ንጉሥ ሁማዩን በ1556 ከደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። በመቃብሩ ላይ የቆመውን ታላቅ ሕንፃ ያሠራችው የመጀመሪያ ሚስቱ ቤጋ ቤገም እንደሆነች ይነገራል። መካ ደርሳ በመመለሷ ሃጂ ቤገም እየተባለችም ትጠራለች። ሕንፃው የተሠራው በ1560ዎቹና በ1570ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከፍ ባለ መደብ ላይ የቆመ፣ ነጭ ጉልላት የደፋ፣ በአራት ክፍል በተከፈለ የአትክልት ቦታ መካከል ያለ ነው፤ በአትክልቱ ውስጥ ውኃ በቦይ ይሄዳል። ታጅ ማሃልን በሥዕል ያየች ሴት ይህን ስታይ «ይህችን የት ነው የማውቃት?» ትላለች። የታጅ ታላቅ እህት ናትና።

ሁለተኛው ወላጅ እዚያው አግራ፣ ከያሙና ወንዝ ማዶ ነው። ያሠራችውም የሙምታዝ አክስት ኑር ጃሃን ናት። ኑር ጃሃን የስደተኛ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ከፋርስ ወደ ሕንድ ሲሰደዱ በ1577 ካንዳሃር አካባቢ መንገድ ላይ ወለዷት። የመጀመሪያ ባሏ ከሞተ በኋላ በ1611 ንጉሥ ጃሃንጊርን አገባች። ንጉሡ በመጠጥና በኦፒየም ሲዳከም መንግሥቱን የያዘችው እሷ ነበረች፤ በስሟ ገንዘብ ተመትቷል፤ ትእዛዝም በስሟ ወጥቷል። እናቷ አስማት ቤገም በ1621፣ አባቷ ሚርዛ ጊያስ ቤግ ደግሞ በ1622 ሲሞቱ ሁለቱንም ያስቀበረችበትን ሕንፃ በራሷ ወጪ አሠርታ በ1628 ጨረሰች። ሕንፃው በአባቷ ማዕረግ ኢቲማድ-ኡድ-ዳውላ ይባላል።

ከዚያ በፊት ታላላቆቹ የሙጋል መቃብሮች ባመዛኙ ከቀይ የአሸዋ ድንጋይ የተሠሩ ነበሩ። ኑር ጃሃን ግን የወላጆቿን መቃብር ዙሪያውን በነጭ እብነ በረድ አለበሰችው። እብነ በረዱ በጥቃቅን ተፈልፍሎ ባለ ቀለም ድንጋይ እየተገጠመበት አበባው፣ ማሰሮው፣ ዛፉ በድንጋይ ተጠለፈ። የጥበብ ቀሚስ ጥለት የምታውቅ አባላችን እዚያ ብትቆም ዓይኗን መንቀል አይሆንላትም። ታጅ ማሃልን ዝነኛ ያደረገው የእብነ በረድ ጥልፍ ገና ታጅ ሳይታሰብ እዚህ ተሠርቷል። ሕንፃው ትንሽ ስለሆነ አብዛኛው ጎብኚ ያልፈዋል፤ እኛ ግን አናልፈውም።

አክስቲቱና የወንድሟ ልጅ በፖለቲካ ተለያይተው እንደነበርም ማወቅ ይጠቅማል። ኑር ጃሃን ዙፋኑ የልጇ ባል እንዲሆን ስትደክም፣ የሙምታዝ አባት የሆነው ወንድሟ አሳፍ ካን ለራሱ አማች ለሻህ ጃሃን ሠራ። ሻህ ጃሃን አሸነፈ፤ ኑር ጃሃንም ጡረታ ተቆርጦላት ከሥልጣን ርቃ በ1645 ላሆር ውስጥ ሞተች። ሥልጣኗ ጠፋ፤ ያሠራችው ግን ቀረ፤ ያሸነፋት ሰው እንኳ ሚስቱን ሲቀብር የእሷን መንገድ ተከተለ። በእኛም አገር እቴጌ ምንትዋብ ጎንደር ላይ ያሠሩት ቁስቋም ከቤተ መንግሥቱ ሽኩቻ ይልቅ ስማቸውን ሲያስጠራ ይኖራል።

የታጅ ሥራ

የሙምታዝ አስከሬን መጀመሪያ ያረፈው ቡርሃንፑር ላይ ከታፕቲ ወንዝ ማዶ ባለ የአትክልት ቦታ ነበር። በታኅሣሥ 1631 ልጇ ሻህ ሹጃ አጅቦ ወደ አግራ አመጣው። ከአጃቢዎቹ አንዷ ሳቲ-ኡን-ኒሳ ትባላለች፤ የሙምታዝ የቅርብ ሰው፣ የተማረችና የሕክምና ዕውቀት ያላት፣ የልጇ የጃሃናራም አስተማሪ ነበረች። ሳቲ-ኡን-ኒሳ በኋላ ስትሞት ከእመቤቷ ብዙ ሳትርቅ ከታጅ ቅጥር ውጭ ተቀበረች።

ሥራው የተጀመረው በ1632 ነው። በዚያው ዓመት በእኛ አገር ዐፄ ፋሲለደስ ነገሡ። ቦታው የአምበሩ ገዥ የራጃ ጃይ ሲንግ ነበርና ንጉሡ ሌሎች ቤቶችን በለውጥ ሰጥቶ ወሰደው። የሥራው መሐንዲስ ኡስታድ አህመድ ላሆሪ እንደነበረ ይታመናል። ነጩ እብነ በረድ ከራጃስታን ከማክራና መጣ። ለጥልፉ የሚሆኑት ድንጋዮች ከየአገሩ ተሰበሰቡ፤ ሰማያዊው ላፒስ ላዙሊ ከአፍጋኒስታን ነው። ወደ 20,000 ሠራተኛ እንደተሰማራና ወጪው 32 ሚሊዮን ሩፒ ያህል እንደደረሰ ይገመታል። ዋናው ሕንፃ ከአሥር ዓመት በኋላ ሲያልቅ በዙሪያው ያለው ሁሉ ተጠናቆ ያበቃው በ1653 ገደማ ነው። ለጥበቃውና ለእድሳቱ የሠላሳ መንደሮች ግብር ተመደበለት።

ጉልላቱ እስከ ጫፉ 73 ሜትር ያህል ይረዝማል። በደጁ ዙሪያ የተጻፉት የቁርኣን አንቀጾች የአማናት ካን የእጅ ሥራ ናቸው፤ ፊደሎቹ ወደ ላይ ሲሄዱ እየተለቁ ስለተጻፉ ከታች ለሚያያቸው ሁሉም እኩል ይመስላሉ። እሱ ስሙን በጽሑፉ ላይ ትቷል። ድንጋይ ጠራቢዎቹ ግን ስማቸውን ሳይሆን በየድንጋዩ ላይ የጫሯትን ትንሽ ምልክት ብቻ ነው የተዉት፤ ኮከብ፣ ቀስት፣ ሦስት ማዕዘን የመሳሰለ። ወለሉን ስትረግጡ ዝቅ ብላችሁ ተመልከቱ።

ሌላም የሚስተዋል ነገር አለ። በሁማዩንና በኢቲማድ-ኡድ-ዳውላ መቃብሩ ያለው በአትክልቱ መካከል ነው፤ በታጅ ግን ሕንፃው ወደ ወንዙ ዳር ተገፍቶ አትክልቱ ሁሉ ከፊት ለፊቱ ተዘርግቷል። ስለዚህ ከኋላው ከሰማይ በስተቀር የሚታይ ነገር የለም። የሙምታዝ የመታሰቢያ ሣጥን በዋናው ክፍል በትክክል መካከል ላይ ነው። ሻህ ጃሃን በ1666 ሲሞት ከጎኗ ተቀበረ፤ በዚያ ሁሉ እኩል በተከፈለ ሕንፃ ውስጥ ከመስመር የወጣው የእሱ ሣጥን ብቻ ነው። መካከሉ የእሷ ነው።

ትልቋ ልጅ

እናት ስትሞት ቤቱን የሚሸከመው ማን እንደሆነ እኛ እናውቃለን። እዚያም እንዲሁ ሆነ። ትልቋ ልጅ ጃሃናራ እናቷ ስትሞት ገና 17 ዓመቷ ነበር። ከእናቷ ሀብት ግማሹ ለእሷ ደረሰ፤ የተረፈው ለታናናሾቿ ተከፈለ። የቤተ መንግሥቱ ቀዳሚ እመቤት ሆነች፤ ታናናሾቿን አሳደገች፤ በገንዘቧም አሠራችበት። አግራ ያለውን ታላቁን የዓርብ መስጊድ በ1648 ያስጨረሰችው እሷ ናት። ዛሬ ዴልሂ የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚገበይበት የቻንድኒ ቾክ ገበያ ጎዳናም የእሷ ሥራ ነው።

በ1658 አውራንግዜብ ወንድሞቹን አሸንፎ አባቱን በአግራ ምሽግ ሲያስር ጃሃናራ ከአባቷ ጋር መቆየትን መረጠች። ስምንት ዓመት አስታመመችው። እሷ በ1681 ስትሞት ግን ትልቅ ሕንፃ አላሠሩባትም፤ የፈለገችው እንዲህ ነበርና። መቃብሯ ዴልሂ ውስጥ በቅዱሱ ሰው በኒዛሙዲን መቃብር አጠገብ፣ ጣሪያ የሌለው፣ ላዩ አፈርና ሣር የሆነ ነው። የእናቷን መቃብር ካዩት ከመቶ ሰዎች አንዱ እንኳ ይህንን አያየውም።

የሚነገሩ ተረቶች

እዚያ ስንደርስ ሁለት ወሬ መስማታችን አይቀርም። አንደኛው ንጉሡ ሌላ ቦታ እንዳይሠሩ የሠራተኞቹን እጅ አስቆረጠ የሚለው ነው። ለዚህ ምንም ማስረጃ የለም፤ መሐንዲሱ ላሆሪም ከዚያ በኋላ በዴልሂ ቀይ ምሽግ ሥራ ላይ ተሰማርቷል። ሁለተኛው ከወንዙ ማዶ ለራሱ ጥቁር ታጅ ሊሠራ ጀምሮ ነበር የሚለው ነው። በ1990ዎቹ ቦታው ሲቆፈር የተገኘው የጥቁር ሕንፃ መሠረት ሳይሆን መህታብ ባግ የተባለ የአትክልት ቦታና የውኃ ገንዳ ነው። አስጎብኚው ቢነግረን በትሕትና እናዳምጠው፤ ለልጆቻችን ግን እውነተኛውን እንንገራቸው።

የጉዞው ዕቅድ

ያቀረብነው ዕቅድ በሕንፃዎቹ የዕድሜ ቅደም ተከተል የተዘጋጀ ነው፤ መጨረሻ ላይ የምናየው ታጅን ስንሆን እስከዚያ ዓይናችን ይለምዳል።

በመጀመሪያው ቀን ዴልሂ ውስጥ የሁማዩንን መቃብር በጠዋት እናያለን። ከሰዓት በኋላ እዚያው አቅራቢያ ወዳለው የኒዛሙዲን ግቢ እንሄዳለን። ሴቶች ወደ ውስጠኛው የቅዱሱ መቃብር ክፍል አይገቡም፤ ግቢው ውስጥ ግን ይገባሉ፤ የጃሃናራም መቃብር ግቢው ውስጥ ነው። ጫማ ይወለቃል፤ ራስ ይሸፈናል፤ ስለዚህ ነጠላችንንና ሻሻችንን እንያዝ።

በሁለተኛው ቀን ከኒዛሙዲን ጣቢያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ የሚነሣው ጋቲማን የተባለው ፈጣን ባቡር አግራ የሚያደርሰው በ100 ደቂቃ ያህል ነው። ከሰዓት በኋላ የኑር ጃሃንን ሥራ ኢቲማድ-ኡድ-ዳውላን እናያለን፤ ወደ ማታ ከመህታብ ባግ ሆነን ታጅን ከወንዙ ማዶ እንመለከታለን።

በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ስትወጣ ታጅ ደጅ እንገኛለን። ሙቀቱም ሰዉም ሳይበዛ ማየት የሚቻለው ያኔ ነው። ረፋዱ ላይ ሻህ ጃሃን ታስሮ የኖረበትን የአግራ ምሽግ አይተን ወደ ዴልሂ እንመለሳለን።

ለዚህ ዝግጅት የሚከተሉትን ልብ በሉ። ታጅ ማሃል ዓርብ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ ጋቲማን ባቡርም ዓርብ አይሄድም፤ ስለዚህ የጉዞው ቀን የሚቆረጠው ይህን አይቶ ነው። ከኢትዮጵያ የሚሄድ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ወረቀት ይጠየቃል፤ ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት የሚተው አይደለም። ወረቀት የሌለው ሰው ተለይቶ እንዲቆይ ሊደረግ ይችላል። ወቅቱን በተመለከተ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ዝናብ ነው፤ በታኅሣሥና በጥር ጉም ባቡሩን ያዘገያል፤ ታጁንም ይጋርደዋል። ኅዳር ወይም የካቲት ይሻላል ብለናል።

ትልቅ ቦርሳ፣ ምግብ፣ ክብሪትና ስለት ታጅ ቅጥር ውስጥ አይገባም። የውጭ አገር ሰው ትኬት ከአገሬው ሰው ትኬት በብዙ ይበልጣል፤ ከ2018 ወዲህ ደግሞ ወደ ዋናው መቃብር ክፍል ለመግባት ተጨማሪ 200 ሩፒ ይከፈላል፤ ሁለቱንም አብረን እንገዛለን። ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በነፃ ይገባሉ። መኪና ቅጥሩ አጠገብ አይደርስም፤ ጉልበት የሚያማቸው እናቶች በኤሌክትሪክ ጋሪ ይሄዳሉ። በመቃብሩ ክፍል ውስጥ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው። ከላይ የሚታዩት ሣጥኖች መታሰቢያ ናቸው፤ እውነተኞቹ መቃብሮች ከሥር ባለው ክፍል ሲሆኑ የሚከፈቱት በዓመት ውስጥ በሻህ ጃሃን መታሰቢያ ሦስት ቀናት ብቻ ነው።

ጿሚዎች ደግሞ ይህን ያዙ፦ በሕንድ ሥጋ የሌለበት ምግብ እንደ ልብ ይገኛል፤ ነገር ግን አብዛኛው ቅቤ፣ ወተት ወይም አይብ አለበት። «ሥጋ የለውም» ስለተባለ ብቻ የጾም ነው ማለት አይደለም፤ ቅቤና ወተት እንዳይገባበት ለይታችሁ ጠይቁ። ሐላል ምግብ ለሚፈልጉ እህቶቻችን በኒዛሙዲን አካባቢም በአግራም ችግር የለም።

ለምን እንሄዳለን

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። በእኛ አገር ለአራስ የምንለው ቃል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነው። «እንኳን ደስ አለሽ» ከማለታችን በፊት «እንኳን ተረፍሽ» ማለታችን ነው። ገንፎው፣ እልልታው፣ ጥየቃው ሁሉ ሴትዮዋ ሞትን አይታ መመለሷን የሚመሰክር ነው። ይህን ያወጡት እናቶቻችን ወሊድ ምን እንደሆነ አሳምረው ያውቁ ነበር።

ዛሬ ነገሩ ተሽሏል፤ አልቀረም ግን። በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ2000 ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ልጆች አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በ2020 ብቻ በዓለም ላይ 287,000 ያህል ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ሞተዋል። ከምክንያቶቹ ዋነኛው ሙምታዝን ገደላት ተብሎ የሚገመተው ያው የደም መፍሰስ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው። በ1631 የዓለምን ሀብት የያዘ ንጉሥ ሊያቆመው ያልቻለውን ደም ዛሬ በጤና ጣቢያ ያለች አዋላጅ ነርስ ማህፀኑን በሚያኮማትር መርፌ ብዙ ጊዜ ታቆመዋለች። የሚያስፈልገው እናቲቱ በጊዜ እዚያ መድረሷ ነው። ንጉሡ ከሞተች በኋላ ሃያ ዓመት ሠራላት፤ እኛ ደግሞ ሳትሞት ልንሠራ እንችላለን፤ ለመኪና ኪራይ የሚሆን ገንዘብ በእጇ ማስያዝ ብቻ የሚበቃበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስለዚህ ከጉዞው ዕቅድ ጋር አንድ ሐሳብ አብረን እናቀርባለን። እያንዳንዷ ተጓዥ ለታጅ ማሃል መግቢያ የምትከፍለውን ያህል ገንዘብ፣ ከመሄዷ በፊት፣ ለነፍሰ ጡር አባላትና ለጎረቤት እናቶች የሆስፒታል መጓጓዣ በምናስቀምጠው ሣጥን ውስጥ ትጨምር። መሄድ የማትችል አባልም ደስ ያላትን ብታደርግ ሣጥኑ ክፍት ነው። እንዲህ ከሆነ ገንዘባችንን ለሽርሽር ያወጣን አይመስለንም፤ ለቅሶ የሄድን፣ ለቅሶውም ፍሬ ያፈራ ይሆናል።

የጉዞው ወር ኅዳር ይሁን ወይስ የካቲት፣ የመጓጓዣው ሣጥን ሐሳብም ይጽደቅ አይጽደቅ፣ በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ድምፅ እንሰጥበታለን። ፓስፖርት ያላወጣችሁ ከወዲሁ ጀምሩ።